የቡና ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት ራት፦ ምንነቱ፣ ምልክቶቹና ከርጭት በፊት መታወቅ ያለበት

የቡና ቅጠል ሰርሳሪ በእጭነት ዘመኑ በቡና ቅጠል የላይኛውና የታችኛው ገለፈት መካከል ገብቶ፣ በውስጡ ያለውን ለምለም ክፍል እየበላ የሚያድግ በጣም ትንሽ ነጭ የእሳት ራት ነው። በቅጠሉ ላይ የሚተወው ምልክት ቅርጹ ያልተስተካከለ ሰፊ ቡናማ ምልጥ ነው። ነፍሳቱ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው ምልክቱን የሚያዩ ሰዎች ብዙ ቢሆኑም፣ የእሳት ራቱን ራሱን አይቶ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ምልክቱ በበሽታነት ተቆጥሮ ተገቢ ያልሆነ ኬሚካል ሊረጭበት ይችላል።

«ሰርሳሪ» የሚለው መጠሪያ ለሌሎች ነፍሳትም ይውላል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የገባውና የቲማቲም አምራቾችን ያስቸገረው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይም ቅጠል ሰርሳሪ ይባላል፤ ነገር ግን ከቡናው ሰርሳሪ ጋር ቤተሰቡም ጠባዩም የተለያየ ነው። ለቲማቲም የተሰጠ ምክር ለቡና አይሠራም።

ስያሜውና ዝርያዎቹ

የቡና ቅጠል ሰርሳሪዎች በሳይንሳዊ አጠራር ሌውኮፕቴራ በተባለው ወገን ውስጥ ይመደባሉ። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ነጭ ክንፍ» ማለት ነው። ከወገኑ ቀድሞ የታወቀው ሌውኮፕቴራ ኮፌኤላ ሲሆን፣ ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1842 በካሪቢያን ደሴቶች ከሚገኝ ቡና ላይ ተገልጾ ስም ወጣለት። ዛሬ በብራዚል የቡና ዋነኛ ተባይ እርሱ ነው። በአፍሪካ የሚገኙት ዘመዶቹ ለረጅም ጊዜ ከእርሱ ጋር እየተምታቱ ቆይተው፣ የየራሳቸውን ስም ያገኙት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ከእነዚህም መካከል ሌውኮፕቴራ ካፌይና እና ሌውኮፕቴራ ሜይሪኪ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ቡና ላይ በተደረጉ ጥናቶች ስማቸው ከሚነሣው ዝርያዎች አንዱ ካፌይና ነው።

ሁለቱን የአፍሪካ ዝርያዎች በክንፋቸው መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በእንቁላል አጣጣላቸው ግን ማንም በዓይኑ ሊለያቸው ይችላል። ካፌይና እንቁላሎቹን በቅጠሉ የላይኛው ገጽ፣ በዋናው ጅማት ጠርዝ፣ እርስ በርስ እየተነካኩ በአንድ ረድፍ ይደረድራል። ሜይሪኪ ደግሞ በዚያው ገጽ ላይ በትኖ ይጥላል። በአኗኗራቸውም ካፌይና ጥላ ያለበትን ቡና፣ ሜይሪኪ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘውን ቡና የሚመርጡ ናቸው።

ዕድገቱ

እንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በቅጠሉ ላይ አይዞርም፤ ከእንቁላሉ ሥር በቀጥታ የላይኛውን ገለፈት በስቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአንድ ረድፍ ከተጣሉ እንቁላሎች የወጡ እጮች ጎን ለጎን እየበሉ ስለሚሄዱ መኖሪያቸው አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናል። በተናጠል የተጀመሩ ምልጦችም እየሰፉ ሲሄዱ ይገናኛሉ። የእጭነት ጊዜው እንደ አየሩ ሙቀት ከሁለት ሳምንት ተኩል እስከ አምስት ሳምንት ይደርሳል።

እጩ ካደገ በኋላ ምልጡን ቀድዶ ይወጣና ከአፉ በሚያወጣው የሐር ክር ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። ካረፈበት ቅጠል ሥር ወይም መሬት ላይ በወደቀ ደረቅ ቅጠል ላይ የላቲኑን ‹ኤች› ፊደል የሚመስል ነጭ ድር ያደራና በሥሩ ሙሽሬ ይሆናል። በቡና ቅጠል ጀርባ ላይ ይህን ነጭ ድር ማግኘት ተባዩ ሰርሳሪው ለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ክንፍ ያለው የእሳት ራት ይወጣል። ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀን በቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይውልና አመሻሽ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የቡና ዛፍ በቀን ሲነቀነቅ ብር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ተነሥተው ወዲያው ሲያርፉ የሚታዩትም እነዚህ ናቸው።

ቅጠሉን አይቶ መለየት

ምልጡ በመጀመሪያ ወደ ቢጫነት ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፤ በመጨረሻም ይደርቃል። የሚታየው በላይኛው ገጽ ነው። ለመለየት የሚረዳው ዘዴ ቀላል ሲሆን መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ቅጠሉን በምልጡ መካከል ወደ ኋላ ማጠፍ ወይም ምልጡን በአውራ ጣት ማሸት በቂ ነው። የሰርሳሪ ምልጥ ከሆነ ስስ የሆነው የላይኛው ገለፈት እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ከሥሩ ባዶ ክፍል፣ ጥቁር ኩስ፣ እንዲሁም ተባዩ ገና ካልወጣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሱ ነጣ ያሉ እጮች ይገኛሉ።

ምልጡ ባዶ ሆኖ ካልተቀደደ ችግሩ ሌላ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ ሲሆን በቅጠሉ ጀርባ ላይ ጣት ሲነካው የሚለቅቅ ብርቱካንማ ዱቄት ይታያል፤ ይህ ፈንገስ ነው። ክብ ሆኖ መካከሉ የነጣ፣ ዙሪያው ቢጫ ቀለበት ያለው ነጠብጣብ ደግሞ በተለይ በችግኝ ላይ የሚታየው የቡናማ ዓይን ነጠብጣብ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ፈንገስ ነው። በፀሐይ የተቃጠለ ቅጠልም ቡናማ ይሆናል፤ ሆኖም ሲታጠፍ ሁለቱ ገለፈቶች አይለያዩም። ከእነዚህ በተለየ፣ ቀጭንና እንደ እባብ የተጠማዘዘ የብር መስመር በቅጠሉ ላይ ከታየ ክሪፊዮሚስቲስ አሌትሬውታ የተባለ ሌላ የእሳት ራት የሠራው ነው። ይህኛውም በኢትዮጵያ ቡና ላይ ይገኛል፤ ከባለ ሰፊ ምልጡ ዘመዱም ያነሰ ይታወቃል።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለፈንገስ የሚረጨው ፀረ ፈንገስ እጩን አይገድለውም፤ ለነፍሳት የሚረጨውም ዋግን አያስቆምም። አንዱ ከሌላው ሲምታታ አምራቹ ገንዘቡን ይከስራል፣ ትክክለኛው ችግርም ጊዜ ያገኛል።

የሚያደርሰው ጉዳት

ሰርሳሪው የቡናውን ፍሬ አይነካም፤ ግንዱንም አይበሳም። የሚወስደው ተክሉ ምግቡን የሚያዘጋጅበትን የቅጠል ክፍል ነው። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ምልጥ የወጣበት ቅጠል ያለ ጊዜው ይረግፋል። በአንድ ዛፍ ላይ ጥቂት የተመለጡ ቅጠሎች መኖራቸው በምርቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ቅጠሎች በብዛት ሲረግፉ ግን ተክሉ ያንጠለጠለውን ፍሬ ለማሳደግ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ፍሬ የሚይዘውን አዲስ ቅርንጫፍ ለማውጣትም አቅም ያጣል። ስለዚህ ከባድ ጉዳት የሚያስከትለው ኪሳራ ከአንድ ዓመት ምርት ሊያልፍ ይችላል። የበለጠ የሚጎዱት ጥቂት ቅጠል ብቻ ያላቸው ችግኞችና ገና የተተከሉ ቡናዎች ናቸው።

ሞቃትና ደረቅ ወቅት ለተባዩ ይመቸዋል፤ ከባድ ዝናብ ይቀንሰዋል። በመሆኑም ማሳን በትኩረት መመልከት የሚያስፈልገው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት የበጋ ወራት ነው።

የተፈጥሮ ጠላቶቹና የርጭት ጉዳይ

አረቢካ ቡና መነሻው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። በከፋና በያዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት በተመዘገቡት ደኖች፣ ቡና ዛሬም ከዋንዛ፣ ከብሳና፣ ከሰሳና ከብርብራ ሥር ይበቅላል። በእንዲህ ያለው ቡና ላይ ሰርሳሪውና ጠላቶቹ አብረው ይኖራሉ። ዋነኞቹ ጠላቶቹ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥገኛ ተርቦች ናቸው። ተርቧ በቅጠሉ ላይ እየተመላለሰች ከገለፈቱ ሥር ያለውን እጭ ታነፍነፋለች፤ ባገኘችው ጊዜ መውለጃዋን በገለፈቱ ሰድዳ እንቁላሏን እጩ ላይ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጇ እጩን በልቶ ያድጋል። ምልጥ ሲቀደድ ጠቁሮ የሞተ እጭ ወይም ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሙሽሬ ከተገኘች፣ ተርቦቹ በማሳው ውስጥ በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ጉንዳኖችና ሌሎች ተርቦችም እጩንና ሙሽሬውን ይመገባሉ።

ርጭት ብዙ ጊዜ የተጠበቀውን ውጤት የማያመጣበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። እጩ በሁለት ገለፈቶች መካከል ስለተሸፈነ በቅጠሉ ላይ ብቻ የሚቀር ኬሚካል አይደርሰውም። ጠላቱ ተርብ ግን የምትውለው ኬሚካሉ ባረፈበት የቅጠሉ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ነፍሳትን የሚገድል ፀረ ተባይ ሲረጭ ከተባዩ ይልቅ ተቆጣጣሪው ቀድሞ ያልቃል፤ በምልጥ ውስጥ የተረፉት እጮች አድገው ሲወጡም የሚገታቸው አይኖርም። በኬንያ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች በቡና እርሻዎች በስፋት ከገቡ በኋላ ቅጠል ሰርሳሪው ከባድ ተባይ ሆኖ ተገኘ፤ ተመራማሪዎችም በተረጨና ባልተረጨ ቡና ላይ ያለውን ብዛቱን እያነጻጸሩ ለማጥናት ተገደዱ። በብራዚል በሚናስ ዤራይስ ግዛት ደግሞ ለዓመታት በተደጋጋሚ የተረጩ ፀረ ተባዮችን የሚቋቋሙ የሰርሳሪ መንጋዎች ተፈጥረዋል።

የኢትዮጵያ ቡና ሌላም የሚያጣው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ግዥው ተስተጓጉሎ ነበር። በወቅቱ መነሻው ማሳው ሳይሆን የተበከለ የማሸጊያ ጆንያ እንደሆነ ቢገለጽም፣ ጉዳቱ ጆንያውን ባላየው አምራች ላይ ጭምር ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የገዢዎች መመዘኛ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሎርፒሪፎስ ለተባለው ፀረ ተባይ ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ ሳያድስ ቀርቶ፣ በምግብ ውስጥ እንዲገኝ የሚፈቀደውን ቅሪት በኪሎ ግራም ወደ 0.01 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል። የቡና ማሳ የማር ቀፎ የሚሰቀልበትም ስፍራ በመሆኑ፣ በተለይ በአበባ ጊዜ የሚደረግ ርጭት ንቦችን ይጨርሳል፤ የቡናውንም አበባ ከሚያዳቅሉት ዋነኞቹ ንቦች ናቸው።

ይህ ማለት ኬሚካል በምንም ሁኔታ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሆኖም ውሳኔው በእይታ ግምት ሳይሆን በቆጠራ መመሥረት አለበት። በብራዚል የተለመደው አሠራር ከዛፉ መካከለኛ ክፍል፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጥንድ የሆኑ ቅጠሎችን ወስዶ ሕያው እጭ ያለባቸውን መቁጠር ነው። እጩ ወጥቶ የሄደበት ምልጥ አይቆጠርም፤ ያለፈ ጉዳት ነውና ርጭት አይመልሰውም። ምልጥ በብዛት በሚታይበት ማሳ ላይ እንኳ አብዛኛው ባዶ ሊሆን ይችላል።

አምራቹ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው

በችግኝ ጣቢያና በጓሮ ቡና ላይ ሕያው እጭ ያለባቸውን ቅጠሎች በእጅ ለቅሞ መቅበር በቂ ሊሆን ይችላል። በትልቅ ማሳ ይህን ማድረግ አያዋጣም፤ በዚያ የሚጠቅመው የቡናው ጤንነት ነው። የጥላ ዛፍን ጨርሶ አለመመንጠር፣ ያረጀ ቡናን መጎንደልና ጉንደላውን ተከትሎ የሚወጡትን ለጋ ቀንበጦች መምረጥ፣ አረምን መቆጣጠር፣ ብስባሽ መጨመር ተክሉ የተወሰደበትን ቅጠል እንዲተካ ያግዙታል። ጥላ ሲበዛም ሌላ ችግር ይመጣልና (ዋግና ሌሎች በሽታዎች እርጥበት ይወዳሉ) መጠኑን ከቦታው ከፍታና የአየር ንብረት ጋር ለማጣጣም የልማት ሠራተኛን ማማከር ይገባል። አመድ ወይም በርበሬ የመሳሰሉትን በቅጠሉ ላይ መነስነስ እጩ በውስጥ ስለሆነ አይደርስበትም።

ኬሚካል መጠቀም ግድ ሲሆን በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ፣ ለቡና የተፈቀደና በፋብሪካው ማሸጊያ ላይ ያለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በውሃ ጠርሙስ ተቀንሶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ምንነቱም መጠኑም ስለማይታወቅ መግዛት አይገባም። ከርጭቱ እስከ ለቀማው መቆየት ያለበት የቀን ብዛት በማሸጊያው ላይ የተጻፈ ሲሆን ቀኑ ሳይሞላ ፍሬ መልቀም ቅሪቱን ወደ ገበያ መላክ ነው። ለሌላ ሰብል ወይም ለጎተራ የተገዛ ኬሚካልን ለቡና ማዋል የተከለከለ ነው።

አገልግሎት ለማግኘት

ምልክቱን ያየና ምንነቱን ማረጋገጥ የሚፈልግ አምራች በቅድሚያ የሚያገኘው የቀበሌውን የዕፅዋት ልማት ሠራተኛ ወይም የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከልን ነው። በዚያ ያልተፈታ ጥያቄ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፣ ከዚያም በአካባቢው ወደሚገኝ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ይተላለፋል። የዝርያ መለየት የሚያስፈልግ ሲሆን ናሙናው ብሔራዊ የቡና ምርምርን ወደሚያስተባብረው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊላክ ይችላል። የአርሶ አደሮች የስልክ መረጃ አገልግሎት በነፃ የጥሪ ቁጥር 8028 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይሰጣል።

ለምርመራ የሚቀርበው ናሙና በአንድ ቅጠል ባይወሰን ይመረጣል። ምልጡ ገና አረንጓዴ የሆነ፣ ቡናማ የሆነና የደረቀ ቅጠል፣ ከተገኘም በጀርባው ነጭ ድር ያለበት ቅጠል በአንድነት ተይዞ በጋዜጣ ወይም በሌላ ደረቅ ወረቀት ይጠቀለላል። በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ ቅጠል ላብ አምጥቶ ስለሚሻግት ለምርመራ አይሆንም። በወረቀቱ ላይ ቀበሌው፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ቡናው የጫካ፣ የከፊል ጫካ፣ የጓሮ ወይም የተክል መሆኑ፣ የጥላ ሁኔታው እንዲሁም ባለፉት ወራት የተረጨ ኬሚካል ካለ ስሙ ይጻፋል። የኬሚካሉ ስም የማይታወስ ከሆነ ባዶውን ዕቃ ታጥቦ ለሌላ አገልግሎት ሳይውል በጥንቃቄ ለይቶ ይዞ መቅረብ ይቻላል። ናሙናው በተወሰደ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከደረሰ እጮቹ ሕያው ሆነው ስለሚገኙ፣ ባለሙያው ተባዩን ብቻ ሳይሆን ከእጮቹ ስንቱ በተርብ እንደተያዘ ጭምር ለማየት ይችላል።